የመጋረጃው ምስክር

ያን ሰሞን ነቅቼ ነበር ወይስ ተኝቼ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከወንዙ ይነሣና ከተማውን ይውጠዋል። ፍርድ ቤቱ ከነደረጃው ይጠፋል፤ በሩ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ስጠጋው ደረጃው እግሬ ሥር እየተሠራ የምወጣ ይመስለኝ ነበር። ውስጥ ስገባም ጭጋጉ ተከትሎኝ ይገባል። አስተናባሪው ከኮሪደሩ ጫፍ ባለጉዳይ ሲጠራ ድምፁ ከውኃ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ሰዎች ብቅ ይላሉ፣ "አቤት" ይላሉ፣ በአንዱ በር ገብተው ይጠፋሉ። እኔም ጥቁር ካባዬን ደርቤ አብሬያቸው እጠፋለሁ።

ጠበቃ ነኝ። ደግሞ የትልልቅ ጉዳይ ጠበቃ እንዳይመስላችሁ! ባልና ሚስት ማፋታት፣ አጥር የገፋ ጎረቤት መክሰስ፣ ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ሲናከሱ መሐል መግባት፣ የኔ ሥራ ይኸው ነው። ኮምፒውተር የማውቀው ማመልከቻ ሲጻፍበት ነው። ታዲያ የእህቴ ልጅ ተይዞ፣ ስም ያላቸው ጠበቆች ሁሉ "ይሄ ነገር ይከብዳል" እያሉ ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ታናሽ እህቴ ቢሮዬ መጥታ ወንበሩ ላይ ዝርግፍ አለች።

"እታለም፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?" አለችኝ።

እምቢ የምልበትን አፍ ከየት ላምጣ?

ልጁን ቤተሰቡ ሁሉ ጭምቱ ነው የሚለው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሰው ትኩር ብሎ ሲያየው አይወድም። በቤተሰብ ፎቶ ላይ ፈልጋችሁ የምታገኙት ጆሮውን ብቻ ነው። ሲታመም እንኳ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው የሚታመመው። አደገና የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ሆነ። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ የተቀደደ ወንበር፣ ሁለት ስክሪን፣ ቀኑን ሙሉ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። እህቴ በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ "ልጄ እየሠራ ነው ወይስ እየጸለየ?" ትል ነበር።

ምን እንደሠራ ያስረዳኝ እስር ቤት ነው፣ ጠያቂ በሚገባበት ክፍል፣ ጠረጴዛ መሐላችን አድርገን።

"አክስቴ፣ ይሄ የዲጂታል ገንዘብ ሰው እንደሚያወራው የተደበቀ ነገር አይደለም" አለኝ። "እያንዳንዱ ክፍያ ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ ቦታ ላይ ይሰፍራል፤ አይፋቅም። ስምሽ የለም፣ ቁጥርሽ ግን አለ። አንድ ሰው ያ ቁጥር ያንቺ መሆኑን አንዴ ካወቀ፣ ከማን እንደተቀበልሽ፣ ለማን እንደሰጠሽ፣ ስንት እንደቀረሽ ዕድሜ ልክሽን እያየ ይኖራል።"

"ወይ ጉድ! መስኮቱ መጋረጃ የሌለው ቤት ነዋ!"

"በቃ እሱ ነው። እኔ መጋረጃውን ነው የሠራሁት።"

የፕሮግራሙ እውነተኛ ስም ምላስ ያስራል፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋረጃው አልኩት፣ ችሎትም ውስጥ ሳይቀር። ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን በአንድ በኩል ያስገባሉ፣ እሱ ያደባልቀዋል፣ እያንዳንዱ የራሱን ያህል በሌላ በኩል ያወጣል። ውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም። ሌቦችም ተጠቀሙበት። ይህን አልክድም፣ ልጁም አልካደም። አንድ የዘራፊ ቡድን የሰው ገንዘብ ዘርፎ በዚያ በኩል አሳለፈ። ዘራፊዎቹን ማንም አልያዛቸውም። ጭምቱ ግን አድራሻ አለው፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ ተገኘ።

እነዚህ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ደግሞ የራሳቸው ልማድ አላቸው። እንዲህ ያለው ሥራ ተከፍቶ የሚታረምበት ቁልፍ አለው፣ ከሠሪው እጅ ያለ። ጭምቱ ሥራው አልቆ መሥራቱን ያረጋገጠ ዕለት ቁልፉን አጠፋው። ማንም አስገድዶ እንዳያስከፍተው፣ እሱም ራሱ አንድ ቀን ሰይጣን አሳስቶት የሰው ገመና እንዳያይ ብሎ ነው። በነሱ ዘንድ ይሄ ትልቅ ክብር ነው አሉ፤ ቁልፉን ለጣለ ሰው ይጨበጨብለታል። ጥሎ ዝም ቢል ምን ነበረበት! በዕድሜው ቀልድ የማያውቅ ልጅ ያን ቀን ቀልድ አማረው። ዓለም በሚያነበው ገጹ ላይ "ከዛሬ ጀምሮ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብሎ ጻፈ፤ ጓደኞቹም ሳቁ።

ዐቃቤ ሕጉ ግን አልሳቀም።

እኔ በሆዴ ሽቶው ነው የምለው። እሱ ከመድረሱ በፊት ሽቶው ችሎት ገብቶ ቦታ ይይዝለታል። ያቺን የቀልድ ዐረፍተ ነገር ትልቅ ወረቀት ላይ አሳትሞ ለዳኛዋ አስቀመጠላት።

"ክብርት ዳኛ፣ አንድ ሰው ለሌባ መሸሸጊያ ሠራ። ሠርቶም ቁልፉን ጣለ። ጥሎም 'አላየሁም፣ አልሰማሁም' ብሎ አላገጠ። እጁን አስቀድሞ የታጠበ ሰው ምን እንደሚመጣ አያውቅም ነበር ሊባል ነው? በዚህ ነገር የተጠቀመ ደህና ሰው ካለ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ እስቲ ይቁምና ይናገር!"

ወደ አግዳሚዎቹ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ማንም አልተነሣም። ውጭ ጭጋጉ መስኮቱን ሞልቶት ነበር። እዚያ ነጭ ነገር ውስጥ ብዙ ሰዎች ቆመው የሚሰሙን መሰለኝ፤ ግን መስኮት ነው፣ ማን ይቆምበታል።

ዳኛዋ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ስትናገር እርሳስ በጣቶቿ የምታንከባልል ሴት ናት። ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ እረግማት ነበር።

"ጠበቃ" አለችኝ፣ "ሕጉ እኔን የሚጠይቀኝ፣ ይህ ዕቃ ወንጀል ከመደበቅ ሌላ ጥቅም ነበረው ወይ ብሎ ነው። ነበረው ይላሉ፤ በቃል። አንድ ሰው ያምጡልኝ። ካመጡልኝ እሰማለሁ፣ ከልቤ። ካላመጡ በእጄ ያለው የዐቃቤ ሕጉ ብቻ ነው።"

እንግዲህ ከየት ላምጣ? መጋረጃው ደህና አድርጎ ስለሠራ ከጀርባው ማን እንዳለ ሠሪውም አያውቅ! እስር ቤት ሄጄ ጮህኩበት።

"ምናለ ትንሽ ቀዳዳ ብትተውበት!"

"ቀዳዳ ያለው መጋረጃ ምን ያደርጋል፣ አክስቴ?" አለኝ፤ ደሜ ፈላ። ከዚህ ልጅ ጋር ስከራከር ሁሌም የምሸነፈው ድምፁን ከፍ ስለማያደርግ ነው።

በጋዜጣና በሬዲዮ ለመንኩ። "ስማችሁን ባላውቅም፣ ይህ ልጅ ሳያውቃችሁ የጠቀማችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ" አልኩ። ለማን እንደምናገር ሳላውቅ መናገር እንዴት ያለ ነገር ነው! ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ያሸልበኝና ያው ሕልም ይመጣል። ረጅም አዳራሽ ነው፤ ከጣሪያ እስከ ጉልበት የሚደርስ መጋረጃ ተዘርግቶበታል። ከሥሩ የሰዎች እግር ይታየኛል። ነጠላ ጫማ፣ የሥራ ቦት፣ አንዱ ማሰሪያው የተፈታ፣ አንዲት ሴት ተረከዙ የተበላ ጥቁር ጫማ ያደረገች። ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። "አንዳችሁ እንኳ ውጡልኝ!" እላለሁ። እግሮቹ ቀጥ ይላሉ። ጣቶቹ ወደ እኔ ይዞራሉ። ደስ ሲለኝ አውቶቡሱ ይቆምና ረዳቱ "እናቴ፣ መጨረሻ ነው፣ ውረጂ" ይለኛል። ወርጄ በእግር ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ በር ተንኳኳ። አንዲት ሴት ገባች፤ መነጽሯ በዝናብ ተሸፍኖ ዐይኗ አይታይም። እኔ እንደ ጅል መጀመሪያ ያየሁት ጫማዋን ነው። ጥቁር ነው። ተረከዙ ግን ደህና ነው፤ አዲስ ነገር። ተስፋዬ ረገብ አለ።

"ይቀመጡ፣ የፍቺ ጉዳይ ነው?" አልኳት፤ ልማድ ነው።

"የፍቺስ ቢሆን ጥሩ ነበር" አለች። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አጠለቀችና አየችኝ፤ ፊቴን ሳይሆን አፌን። "ይቅርታ፣ ሥራዬ ሆኖ ነው። የላይኛው የግራ ጥርስዎ የራስዎ አይደለም፣ አይደል?"

"እርስዎ ደግሞ! ባሌ እንኳ አያውቅም!"

ሳቀች። ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የምትሠራው። የጥርስ ሐኪሞች የበሽተኛውን አፍ ልክ በጄሶ ይልኩላታል፣ እሷ መጀመሪያ በሰም ትሞክራለች፣ ከዚያ የድዱን ቀለም ትቀምማለች፣ ትሞርዳለች፣ ታለሰልሳለች። በጥፍሮቿ ሥር የጄሶ ነጭ ነበረ። ጥርሱን የሚለብሰውን ሰው አንድም ቀን አይታው አታውቅም። "መንገድ ላይ ሰው ሲስቅ 'ይሄ የኔ ይሆን?' እላለሁ" አለችኝ።

ዝናቡ መስኮቱ ላይ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ሁሉ እንደ ሕልም ነው የሰማሁት፣ ወንበሬን ጨብጬ።

"ባሌ ባንክ ነው የሚሠራው። የሰው ሁሉ ሒሳብ ከሚታይበት ወንበር ላይ። ደመወዜ ሲገባ ከኔ በፊት ያውቃል። ለልጄ ጫማ ገዝቼ ቤት ሳልደርስ ይደውልና 'ርካሹ አልነበረም?' ይለኛል። አውቶቡስ የተሳፈርኩበትን ያውቃል። እናቴ ዘንድ መሄዴን ያውቃል። እናቴን ማየት ሲከለክለኝም…" እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም። "ውጭ አገር ያለ አንድ የጥርስ ሐኪም በዲጂታል ገንዘብ ሊከፍለኝ ተስማማ። ደስ አለኝ። እሱም ደረሰበት። ቁጥሬን ስልኬ ላይ አየና ከዚያ በኋላ ያለኝን ሁሉ ያ ክፍት ቦታ ላይ እያየ ይነግረኝ ጀመር፤ ቁርስ ላይ፣ ዳቦ እየቆረሰ። ያኔ ነው መጋረጃውን ያገኘሁት። በዚያ በኩል የሚያልፈውን እሱ ሊያየው አልቻለም። ትንሽ ትንሽ እያልኩ አጠራቀምኩ። አንድ ቀን ልጄን ከትምህርት ቤት ወሰድኩና ቤት አልተመለስኩም።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ይፈልገናል። ሬዲዮ ላይ ሲናገሩ ጥርስ እየሞረድኩ ነበር፤ እጄ ቀጥ አለ። ያንን ልጅ አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም። ግን እኔ በሱ ሥራ ወጥቼ እሱ ሲገባ፣ አልቻልኩም። እመሰክርለታለሁ።"

ተነሥቼ አቀፍኳት። አዎ፣ ጠበቃ እንዲህ አያደርግም፤ እኔ አደረግሁት። እያለቀስኩ "ልጄን አዳንሽልኝ" አልኳት፣ እርስዎታውን ረስቼ።

እስቲ እንግዲህ ጉዱን ስሙ። በማግስቱ ሽቶው ባለበት ዳኛዋ ቢሮ ገባሁ። "አንድ ምስክር ቢኖረኝ፣ ስሙ እንዳይወጣ ግን የሚፈራ ቢሆን?" አልኩ።

"ችሎቱን እዘጋለሁ፣ ሕዝብ ይወጣል፣ ጋዜጠኛም ይወጣል" አለች ዳኛዋ። ልቤ ቅልል አለኝ።

"ቃሉ እውነት መሆኑን ግን እናጣራለን" አለ ሽቶው፣ በትሕትና። "ስሙን ጽፈን ለባንኮች እንልካለን። ገቢው ከየት እንደሆነ ሳይጣራ ደህና ሰው ነው ማለት አይቻልም።"

"ለየትኛው ባንክ?"

"ለሁሉም።"

ዳኛዋ እርሳሷን አንከባለለች፣ አቆመች። "ይህን ልከለክለው አልችልም፣ ጠበቃ" አለች፣ ያዘነች መስላ።

ሴትዮዋ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ፍርድ ቤት ስለ አንድ ሰው ሒሳብ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው የሚያርፈው ባሏ ጠረጴዛ ላይ ነው። የምስክርነቱ ቀን፣ ፍርድ ቤቱ፣ ጉዳዩ ሁሉ ተጽፎ። ሄጄ ነገርኳት። ከሰሟ ላይ ቀና ሳትል ሰማችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አፍ ተከፍቶ ተቀምጧል።

"እመጣለሁ" አለች። "ቃሌን አላጥፍም።"

ለጭምቱ ስነግረው ጠረጴዛው ላይ ተንጠራራ፤ እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

"አየሻት?"

"ፊት ለፊቴ ተቀምጣ!"

"ስሟን እንዳትነግሪኝ። ደህና ናት?"

"ደህና ናት። ልጅም አለቻት።"

"ልጅም አለቻት…" አለና ፈገግ አለ። የልጁ ፊት በራ ብዬ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ግን በራ። "አክስቴ፣ አንድም ቀን አንድ ሰው አግኝቼ አላውቅም እኮ። ወደ ጨለማ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ነበርኩ፤ ማን ላይ እንዳረፈ አላውቅም። እንኳን ነገርሽኝ።"

"ታዲያ እሷ ታወጣሃለች!"

"አታምጫት።"

"ምን አልክ?"

"እሷን አጋልጬ እኔ ከወጣሁ፣ ዐቃቤ ሕጉ ትክክል ነበረ ማለት ነው። አታምጫት።"

"አንተ ግትር! አንተ ልብ አውልቅ! እናትህንስ አስበሃታል?"

"አስቤያታለሁ" አለ። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ ወደ ግድግዳው ዞረ። "የከበደኝ እሷን ማሰቡ ብቻ ነው።"

ከዚያ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጇ ሲወጣ የሚለብሰውን ሸሚዝ ትተኩሳለች፤ የተተኮሰውን መልሳ ትተኩሳለች። ስሟን ሳልጠራ አንዲት ሴት እንዳለች፣ የፈራችው ምን እንደሆነ፣ ልጇ ምን እንዳለ ሁሉንም ነገርኳት። ካውያውን አቆመችው።

"እታለም" አለችኝ፣ "ያቺ ሴት ትፈራለች፣ እሺ። እኔስ? እኔ አልፈራም? እሷ ሸሽታም ቢሆን ልጇን አቅፋ ታድራለች። የኔ ልጅ ላይ በር ተቆልፎበታል። እሱ ልጅ ነው፣ የሚለውን አያውቅም። ጥሪያት። ብቻ ጥሪያት፣ ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል።"

"እጠራታለሁ" አልኳት። ከልቤ ነበር። የእህቴ ልጅ ነው፤ ፎቶው ላይ ጆሮው ብቻ የሚታየው ልጃችን ነው። አንዲት የማላውቃት ሴት ከሱ ትበልጥብኛለች? አትበልጥም። ለራሴም እንዲያ ብዬ ነገርኩት። ወደ ፍርድ ቤት እየሄድኩ የሚረዳኝን ምክንያት ሁሉ ደርድሬ በመንገድ ላይ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ፣ ረታሁም።

የመጨረሻው ቀን ጭጋጉ ከምንጊዜውም የባሰ ነበር። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ከሰው ይጋጫል፣ ይቅርታ ይባባላል፣ ያልፋል። ሴትዮዋ ከአንዱ ምሰሶ ጥግ ቆማ አገኘኋት፤ ጥሩ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጥፍሮቿን አጽድታለች። እጄን ያዘችኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለችኝ። "ከተናገርኩ በኋላ ወዲያው መሄድ እችላለሁ? ዕቃችንን ሸክፌዋለሁ። ዛሬውኑ ከዚህ ከተማ እንወጣለን።"

"ትችያለሽ" አልኳት።

"ጥሩ። ልጄ እንኳ ተቆጥታኛለች። የመጀመሪያ ጓደኛዋን ያገኘችው ባለፈው ሳምንት ነው። የቀየርኩባትን ስም ገና አሁን ነው ለምዳ ሲጠሯት ዞር የምትለው። እንግዲህ ሌላ ስም አውጪ አልኳት፣ የወደድሽውን።" ፈገግ ለማለት ሞከረች። "ግድ የለም። ልጅ ይረሳል።"

አስተናባሪው የኛን መዝገብ ጠራ፣ ድምፁ ከሩቅ መጣ፣ ሁላችንም ገባን።

ጭምቱ ከጠባቂው ጎን ተቀምጧል፣ አንገቱን ደፍቶ። ሽቶው ቦታውን ይዟል። እህቴ ከኋላ በግድግዳው በኩል ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ መተላለፊያው ዳር ተቀመጠች። ሴትዮዋ እሷን አታውቃት፤ አልፋት ገብታ ከጎኗ ወደ ውስጥ ተቀመጠች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ ክፍሉ ተንሳፈፈብኝ። መብራቱ፣ እንጨቱ፣ ሰዉ ሁሉ ቀስ ብሎ ከመሬት የተነሣ መሰለኝ። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

"ጠበቃ፣ ምስክር አለዎት?" አለች ዳኛዋ።

አለኝ ማለት ብቻ ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ያች ሕፃን ልጅ በትምህርት ቤት ግቢ ሆና፣ በአዲሱ ስሟ ተጠርታ ዞር ስትል ታየችኝ። አይቻት አላውቅም እኮ! ፊት የላትም። ዞር ስትል ብቻ ነው የታየችኝ።

"የለኝም" አልኩ።

ጭምቱ ቀና አለ። ሽቶው ብዕሩን ዘጋ። ዳኛዋ እርሳሷን አስቀመጠችና "እርግጠኛ ነዎት?" አለችኝ፣ ቃሌን እንድመልሰው የፈለገች ይመስል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ከኋላ አግዳሚ ሲንቋቋ ሰማሁ። ዞርኩ። ሴትዮዋ ተነሥታለች። እጇ ደረቷ ላይ ነው፤ ከንፈሯ ሊናገር ተከፍቷል።

"እኔ…" አለች።

"እመቤቴ!" ብዬ ጮህኩ። ያን ያህል ጮኼ አላውቅም። "እርስዎ የሚፈልጉት የፍቺ ችሎት ነው፤ ቀጥሎ ያለው ክፍል ነው። ይህ የወንጀል ችሎት ነው። ያልፍብዎታል፣ ቶሎ ይሂዱ!"

ሴትዮዋ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። እንደማላውቃት አድርጌ አየኋት፤ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። አስተናባሪው በሩን ከፈተላት። ለመውጣት ግን በእህቴ ፊት ማለፍ አለባት፤ የእህቴ ጉልበት ከፊት ያለው አግዳሚ ጋ ደርሶ መንገዱን ዘግቶታል።

እህቴ ገብቷታል። ሴትዮዋን ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት፤ ማን እንደሆነች፣ ምን ልትናገር እንደተነሣች ሁሉ ገብቷታል። አንድ ቃል ብቻ ብትጮህ፣ ቀሚሷን ብቻ ብትይዛት አለቀ። ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ ልጇ አየች፣ ረጅም ጊዜ። ጭምቱ ራሱን አልነቀነቀም፤ እናቱ እንድታየው ፊቱን ሰጣት። በሕይወቱ ፊቱን እንዲያ ሰጥቶ ለማንም ሲታይ አላየሁትም።

እህቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

"ይለፉ" አለቻት።

ሴትዮዋ አለፈች፣ በሩ ተዘጋ፣ እህቴ መልሳ ተቀመጠች። ዳኛዋ እንደገና ስትጠይቀኝ፣ የመከላከያ ማስረጃችን ይኸው ነው፣ ጨርሰናል አልኩ።